አንድ ሞጁል ለሁለት

ባለቤቴና እኔ በትዳራችን የመጀመሪያ ዓመታት አብረን የኖርነው ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ኮሌጁ ለቅዳሜና እሑድ በተከራየው አንድ የትምህርት ቤት ክፍል፣ ከመስኮት ሥር ባለ ዴስክ ላይ ነው። እየቀለድኩ አይደለም፤ የጋራችን የምንለው ሌላ ቦታ አልነበረንም። እሱ ከደብረ ወርቅ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ያስተምራል። እኔ ደግሞ ከደብረ ኤልያስ ወደ ዓባይ ቆላ ሲወረድ በምትገኝ ትንሽ ትምህርት ቤት ነበርኩ። የርቀት ትምህርት ተማሪዎች ባንሆን ኖሮ ባልና ሚስት መሆናችንን ከጎረቤት ሌላ የሚያስታውሰን አልነበረም።

የተዋወቅነው እዚያው ደብረ ማርቆስ ለመምህርነት ስንሠለጥን ነው። ስንመረቅ የሥራ ቦታ የሚደለደለው በዕጣ ነበር። እሱ እጁን ከተተና የደብረ ወርቅን አካባቢ አወጣ፤ እኔ ከተትኩና ደብረ ኤልያስ ደረሰኝ። ያን ጊዜ እጮኛሞች ነበርን፤ መራራቅ ፍቅር ያደምቃል በሚባልበት ዕድሜ ላይ ስለነበርን ብዙም አልከፋንም። የከፋን ከተጋባን በኋላ ነው። ሠርጋችን ጥር ላይ ሆነ፤ ሠርገኛ የበላበት ሳህን ታጥቦ ሳያልቅ የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ትምህርት ተጀመረና እሱ ወደዚያ፣ እኔ ወደዚህ። እጄ ላይ ያለው እንሶስላ ገና ቀይ ነበር። ተማሪዎቼ ጠመኔ ስይዝ ጣቴን እያዩ ይሳሳቁብኝ ነበር።

ዝውውር ጠየቅን። በየዓመቱ እንጠይቃለን፤ በየዓመቱም «ምትክ ሲገኝ» ይሉናል። እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ይህችን «ምትክ ሲገኝ» የምትል ነገር ዛሬም ስሰማት ደሜ ይፈላል። ማን ነው እኔን ሊተካ ከከተማ ተነስቶ ቆላ የሚወርደው? በዚህ መሀል ወሬ መጣ። በየወረዳው አዳዲስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እየተከፈቱ ነው፣ ዲግሪ ያለው መምህር ቶሎ ይዛወራል፣ ባልና ሚስት ከሆኑማ አንድ ትምህርት ቤት ይመድቧቸዋል ተባለ። ወሬውን ማን እንዳመጣው እስካሁን አላውቅም። እኛ ግን ይዘነው ሮጥን።

ለምዝገባ የሄድን ቀን መዝጋቢው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ጨዋታ ወዳድ ሰው፣ የቀድሞ ውጤታችንን ገለጥ ገለጥ አደረገና ለባለቤቴ፣ «አንተ ሒሳብ ግባ። እንዲህ ያለ ውጤት ይዘህ ሌላ ምን ትፈልጋለህ? የሒሳብ መምህር የትም ይፈለጋል» አለው።

እውነቱን ነው። ባለቤቴ ሒሳብ ሲሠራ ፊቱ ይበራል፤ ሌላ ሰው ነው የሚሆነው። እኔና ሒሳብ ግን ከልጅነታችን ጀምሮ አንነጋገርም። የመረጥኩት ጂኦግራፊ ነበር።

«የሒሳብና የጂኦግራፊ ተማሪዎች ቱቶሪያል የሚገቡት አንድ ቀን ነው?» ብሎ ባለቤቴ ጠየቀ። ቱቶሪያል የሚባለው ብቻችንን ስናነብ የከረምነውን መምህር ፊት ተቀምጠን የምናይበት ቅዳሜና እሑድ ነው።

«የለም፣ በተለያየ ሳምንት ነው» አለው መዝጋቢው።

ባለቤቴ ወደ እኔ እንኳ ሳይዞር፣ «እንግዲያው ጂኦግራፊ ይበሉልኝ» አለ።

ሰውዬው መነጽሩን ከግንባሩ አወረደና አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየ። «ገባኝ» አለና ጻፈ። እኔ ደስ አለኝ። የኋላ የኋላ የመጣውን ሁሉ ካየሁ በኋላም ያን ቀን ደስ እንዳለኝ አልክድም። ባሏ ከእሷ ጋር ለመቀመጥ ሲል የሚወደውን የተወላት ሴት ደስ ካላላት ምን ደስ ሊላት ነው?

ሞጁል፣ ማለትም የርቀት ተማሪ በመምህር ፋንታ የሚማርበት መጽሐፍ፣ ያን ዓመት አጥሮ ነበር። «ለባልና ሚስት አንድ ይበቃል» ብለው አንድ ሰጡን። ሰጪዎቹ ባልና ሚስት አንድ ቤት ይኖራሉ ብለው እንጂ ተንኮል አስበው አልነበረም። ይዘነው አክስቴ ቤት ሄድን። አክስቴ ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ በርበሬና ሽሮ የምትሸጥ፣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት፤ ከተማ ስንመጣ የምናድረው እሷ ዘንድ ነው። ባለቤቴ ሞጁሉን ጠረጴዛ ላይ አጋድሞ ከመሀሉ ከፈተና ቢላ ስጡኝ አለ። እስከ ስፌቱ ድረስ ለሁለት ሰነጠቀው። አክስቴ አማተበች።

«መጽሐፍ እንደ ሥጋ ሲከፈል ዛሬ ገና አየሁ» አለች። «ምን ጉድ ነው እናንተዬ፣ ትምህርት በግማሽ ይሆናል?»

ይሆናል፤ ሆነም። የፊተኛውን ግማሽ እኔ፣ የኋለኛውን እሱ ይወስዳል። በሚቀጥለው ቱቶሪያል እንለዋወጣለን። ስለዚህ እሱ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነበር፤ መግቢያውን ሳያይ መደምደሚያውን ያውቃል። የእሱን ግማሽ ይዤ ስመለስ በገጾቹ መሀል የቆሎ ገለባ አገኛለሁ። ሲያነብ ቆሎ ይቆረጥማል፣ ተው ብለው አይሰማም። ገለባውን አራግፌ ከመጣሌ በፊት ለትንሽ ጊዜ ዝም ብዬ አየዋለሁ። እንዲህ ያለ ሞኝነት ለሰው አይወራም።

ቀበሌዬ ውስጥ ብቸኝነቱ ከባድ ነበር። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ፣ ከአንዲት በዕድሜ ገፋ ካሉ ሴትዮ ቤት አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ተማሪ ከመግባቱ በፊት ጠዋት ጠዋት ደጃፉ ላይ ተቀምጬ፣ እንግሊዝኛው እንዲገባኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ። ሴትዮዋ አንድ ቀን ቆመው ሲያዳምጡኝ ቆዩና፣ «መምህርት፣ ምንድን ነው የምታጠኚው?» አሉኝ።

«እየተማርኩ ነው እማማ። ዲግሪ እየተማርኩ ነው።»

«አሃ» አሉ፤ አሰቡ፣ አሰቡና፣ «ታዲያ እስካሁን ልጆቻችንን የምታስተምሪያቸው ሳትጨርሺ ነው?»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ከዚያ በኋላ የቀበሌው ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ፣ «እህ፣ ጨረስሽ ወይ?» ማለት ለመደ። እንዲያውም ለምን እንደምማር ሲገባቸው ከእኔ በላይ እነሱ ቸኮሉ። «ባሏ ዘንድ ልትገባ ነው የምትማረው» ይባባሉ ነበር። ልክ ናቸው፤ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እኔም አልነበረኝም።

የቱቶሪያሉ ሳምንት ሲደርስ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ክፍሌን አሰናብቼ፣ በቦቲ ጫማ ጭቃውን እያቦካሁ ደብረ ኤልያስ እወጣለሁ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ዘንድ አድሬ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ደብረ ማርቆስ እገባለሁ። የእሱ መንገድ ከእኔ ይብሳል። ከቀበሌው በእግሩ ደብረ ወርቅ ይደርሳል፣ ከዚያ በሚኒባስ ደጀን፣ ከደጀን ደግሞ ከዓባይ በረሃ ወጥቶ የሚመጣውን አውቶቡስ ይጠብቃል። አውቶቡሱ ሞልቶ ካለፈ የጭነት መኪና ይለምናል። አንዳንዴ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ ይመጣል፤ ሽንኩርት በጫነ አይሱዙ ተሳፍሮ መሆኑ ነው። እኔ ከመስኮቱ ሥር ባለው ዴስክ ላይ ነጠላዬን አንጥፌ ቦታ እይዝለታለሁ። ሰው «ተይዟል?» ሲለኝ «ባለቤቴ ነው፣ እየመጣ ነው» የምለው ነገር በጣም ደስ ይለኝ ነበር። ሌላ ቦታ ይህን የምልበት አጋጣሚ አልነበረኝም።

መምህሩ የወራት ትምህርት በአንድ ጠዋት ለመጨረስ ይጣደፋል። ግማሹን «ይኼ ቀላል ነው፣ ራሳችሁ አንብቡት» እያለ ያልፈዋል፤ የሚያልፈው ደግሞ ያልገባንን ነው። ባለቤቴ ዘግይቶ ይገባና ይቅርታ ጠይቆ አጠገቤ ይቀመጣል። አናወራም። መምህሩ ያስተምራል፣ እኛ እንጽፋለን፣ ክርኑ ክርኔን ይነካኛል። ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር አግኝቻለሁ፤ የደሞዝ ጭማሪም፣ መብራት ያለው ቤትም፤ የዚያን ክርን ያህል የናፈቀኝ ነገር ግን የለም።

በዕረፍት ሰዓት በር ላይ ካለችው ሻይ ቤት ፓስቲ እንበላለን። እሱ የኋለኛውን ግማሽ ለእኔ፣ እኔ የፊተኛውን ለእሱ የምናስረዳው ያን ጊዜ ነው። አንድ ቀን ስለ ወንዞች እያስረዳኝ ወረቀት አጣና እጄን ገልብጦ መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ ዓባይን ሣለው፤ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን እንዴት እንደሚዞረው። አንዲት ነጥብ አደረገና «አንቺ እዚህ ነሽ» አለ። ሌላ ነጥብ አደረገ። «እኔ እዚህ።» በሁለቱ ነጥቦች መሀል የቀረው የአንድ ጣት ስፋት ነበር። «ምነው ታዲያ በመኪና ይህን ያህል ይፈጃል?» አልኩት። ለመቀለድ ብዬ ነበር የተናገርኩት፤ ድምፄ ግን እንዳሰብኩት አልወጣም።

አክስቴ ሽሮዋን አቅርባ ስንበላ ታየናለች። አልጋዋን ለእኛ ለቃ እሷ ከልጆቿ ጋር መደብ ላይ ትተኛለች። መምጣታችን ያስደስታታል፤ ዝምታ ግን አልተፈጠረላትም።

«ኧረ ልጆቼ፣ ሁሉንም በርቀት አደረጋችሁት እኮ» ትላለች። «ልጅ በሞጁል አይወለድም። ወይስ ለእሱም ቱቶሪያል አለው?»

ባለቤቴ አንገቱን ደፍቶ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ሆዴ ግን አይስቅም። ልጅ እንፈልግ ነበር። ግን ማን ዘንድ ሊያድግ? ያን ጊዜ ሁሉንም ነገር ወደ አንድ ቀን አከማችተን ነበር፤ ስንመረቅ፣ አንድ ቤት ስንገባ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ላይ እንለያያለን። በአንድ በኩል «ኤልያስ! ኤልያስ!» እያሉ ይጣራሉ፣ በሌላ በኩል «ደጀን! ደጀን!» ይላሉ። መጀመሪያ የሞላው መጀመሪያ ይሄዳል። የእኔ ቀድሞ እንዳይሞላ እጸልይ ነበር፣ የእሱም ቀድሞ እንዳይሞላ።

አንድ ዓመት መንገድ ተዘጋ። ስልክም ጠፋ። ቱቶሪያል ቀረ፤ እያንዳንዳችን በያዝነው ግማሽ ሞጁል ከረምን። እኔ የፊተኛውን ደጋግሜ ከማንበቤ የተነሳ ገጹን ሳላይ እለው ነበር፤ የኋለኛው ግን ምን እንደሚል አላውቅም። የበለጠ ያስጨነቀኝ እሱ እንዴት እንደሆነ አለማወቄ ነው። መንገዱ ተከፍቶ ለፈተና ስንጠራ ያንኑ ዴስክ ይዤ በሩን በሩን አይ ነበር። ከስቶ ገባ። ፈተና ላይ መሆናችንን ረስቼ ተነሳሁ፤ ፈታኙ ተቀመጪ አለኝ። ያን ቀን እኔ የመለስኩት የፊተኛውን ግማሽ፣ እሱ የመለሰው የኋለኛውን ግማሽ ብቻ ነው። ሁለታችንም ለጥቂት አለፍን። «ተደምረን አንድ ጎበዝ ተማሪ ይወጣናል» አለኝ።

ተመረቅን። አክስቴ እልል አለች፤ የተከራየነውን ጋውን ራሷ ለብሳ ፎቶ ተነሳች። በዚያው ክረምት ከደብረ ኤልያስ ብዙም በማይርቅ ትንሽ ከተማ አዲስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደሚከፈት ሰማን። ሁለታችንም ማስረጃችንን ይዘን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ገባን። የተቀበለን ኃላፊ መልካም ሰው ነበር። ወንበር ስቦ ሰጠን፣ እንኳን ደስ ያላችሁ አለን፣ ወረቀታችንን ጎን ለጎን ዘረጋው። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ።

«ሁለታችሁም ጂኦግራፊ?»

«አዎ።»

«ምነው አንዳችሁ እንኳ ሌላ በተማራችሁ» አለ። እየወቀሰን አልነበረም፣ አዝኖልን ነው። «ትምህርት ቤቱ አዲስ ነው፤ ክፍሉም ጥቂት ነው። የሚያስፈልገው አንድ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ለሁለተኛው ምን ብዬ መደብ ላውጣ? ሒሳብ ቢሆን ዛሬውኑ እቀበል ነበር። ሒሳብ የሚያስተምርልን አጥተናል።»

ወደ ባለቤቴ ማየት ፈራሁ። አንድ ዴስክ ላይ ለመቀመጥ ብለን አንድ ዓይነት ትምህርት ተማርን፤ አንድ ዓይነት ትምህርት ስለተማርን አንድ ትምህርት ቤት አልበቃንም። ይህን ስሕተት ሊሠራ የሚችለው በእኛ ዓይነት ኑሮ ውስጥ ያለ ሰው ብቻ ነው፤ ቤት ያለው ሰውማ ለመቀመጫ ብሎ ትምህርት አይመርጥም።

ከቢሮው ወጥተን አንዲት ሻይ ቤት ገባን። እሱ ስኳሩን ሲያማስል፣ ሲያማስል ቆየና፣ «አንቺ ግቢበት» አለኝ።

«ለምን እኔ?» አልኩት። ተቆጥቼ ነበር። በማን እንደተቆጣሁ ግን አላውቅም።

«ከዚያ ቆላ ውጪልኝ። ሌላው ቢቀር አንቺን መንገድ ዳር ላግኝሽ። እኔ ደግሞ ሒሳቡን በርቀት እጀምራለሁ፣ ስጨርስ እመጣለሁ።»

«እንደገና? ከመጀመሪያ?»

«ሌላ ምን አለ?»

«ያኔ መዝጋቢው ሲነግርህ ሒሳብ ብትል ኖሮ ዛሬ አንድ ቤት ነበርን» አልኩት። ማለት አልነበረብኝም፤ ግን ወጣ።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ያኔ ሒሳብ ብል ኖሮ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ያ ሁሉ ቅዳሜ አይኖርም ነበር። እነዚያን ዓመታት በምን ትኖሪያቸው ነበር ሆዴ? እኔ በምን እኖራቸው ነበር?»

እነዚያን ቅዳሜዎች መልሰሽ አሁን አብሮ መኖርን ውሰጂ ብባል ምን እንደምመርጥ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። አንዳንድ ቀን እመልሳለሁ እላለሁ፤ በተለይ ዝናብ ሲዘንብ፣ ቤቱም ሲሰፋብኝ። በማግስቱ ደግሞ አይሆንም እላለሁ።

አሁን በዚያች ትንሽ ከተማ ውስጥ ነኝ። ቤቴ ሁለት ክፍል ነው፣ መብራትም አለው። ሰፊ አልጋ ገዝቻለሁ፤ ሻጩ «ለስንት ሰው ነው?» ሲለኝ «ለሁለት» አልኩት፣ እሱም አብራሪልኝ አላለኝም። ባለቤቴ አሁንም ከደብረ ወርቅ ማዶ ሕፃናት ፊደል ያስቆጥራል፣ ዲግሪውን ሻንጣ ውስጥ አስቀምጦ። ሒሳብ ጀምሯል። ቱቶሪያሉ ያው ደብረ ማርቆስ፣ ያው ቅዳሜና እሑድ ነው። መጀመሪያ ይህን ስሰማ እየሄድኩ አገኘዋለሁ ብዬ ነበር። ግን አዲሱ ትምህርት ቤት ለብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጁትን ተማሪዎች ቅዳሜና እሑድ ማስተማር ጀመረ፤ ለጂኦግራፊ ያለው መምህር ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። እሱ ከእኔ የአንድ ሚኒባስ መንገድ ያህል ርቆ ተቀምጦ ይማራል፣ እኔ እዚህ ቆሜ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ሁለታችንም ከክፍል ስንወጣ የመጨረሻው ሚኒባስ ሄዷል፤ እሑድ ማታ ደግሞ እሱ ቀበሌው መግባት አለበት፤ ሰኞ ጠዋት ተማሪዎቹ ይጠብቁታል። የምንገናኘው ትምህርት ሲዘጋ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ በዕረፍት ሰዓታቸው ደወለልኝ። እኔ ከክፍል በር ላይ ነበርኩ፣ ተማሪዎቼ ገብተው ተቀምጠዋል።

«ማን አጠገብ ተቀመጥክ?» አልኩት። ሁልጊዜ እጠይቀዋለሁ።

«አንድ የደጀን ሰው አለ፣ የግብርና ባለሙያ ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ ሲተኛ ግን ትከሻዬ ላይ ነው የሚተኛው» አለኝ።

ሳቅሁ። ሰውዬውን አይቼው አላውቅም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቀናሁበት።

ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። «ደክሞኛል» አለ። ይህን ቃል ከእሱ ሰምቼ አላውቅም። «ስንት ዓመት ልማር ነው? ሥራውንም ትምህርቱንም ልተወውና ልምጣ? አንቺ ታስተምሪያለሽ፣ እኔ አንድ ነገር እሠራለሁ፣ አንራብም። ና በይኝና ዛሬ ማታ እዚያ ነኝ።»

አመነታሁ ብል ውሸት ነው፤ «ና» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። በሕይወቴ ከዚያች አንዲት ፊደል በላይ ልናገረው የፈለግሁት ነገር የለም። እንደሚመጣም አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ሰው ነው። ግን ደግሞ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የእኔን ከክፍል መመለስ ሲጠብቅ አየሁት፤ ያ ፊቱ፣ ሒሳብ ሲሠራ የሚበራው፣ ጠፍቶ። አንድ ጊዜ ለእኔ ብሎ ትቶታል። ሁለተኛ እንዲተው ማድረግ አልቻልኩም።

«ጨርስ» አልኩት። «ጨርሰህ ና።»

ከኋላው የሰዎች ጫጫታና የመኪና ጥሩንባ ይሰማኛል።

«እሺ መምህርት» አለኝ።

እንዲህ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ገባሁና ተማሪዎቼን መጽሐፋችሁን አውጡ አልኳቸው፤ ባለፈው ሳምንት የት እንዳቆምን ግን ጠፋኝና እነሱን ጠየቅኋቸው።